ኔትወርኩ የሚቆረጠው የት ላይ ነው? ኮምፒውተር ከመቀየራችን በፊት የምናጣራቸው ነገሮች



ቁርኣንንም ሆነ ተጅዊድን በኢንተርኔት መማር ለብዙ ቤተሰብ የተለመደ ነገር ሆኗል። ቀኑን ሥራ ውሎ የሚገባ አባት፣ ሕፃናት ትታ መድረሳ መሄድ የማይመቻት እናት፣ በሪያድ ወይም በዱባይ ሰው ቤት ተቀጥራ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ፋታ የምታገኝ እህት፣ ሁሉም ከኡስታዛቸው ጋር የሚገናኙት በዚሁ መስመር ነው። መስመሩ በየአሥር ደቂቃው ሲቆረጥ ታዲያ ጉዳቱ ከመሰላቸት ያልፋል። ኡስታዙ ተማሪዋ ተዘናግታ የወጣች ይመስለዋል። እርሷ ደግሞ የሳተችው ሐርፍ ሳይታረምላት ያልፋል። ወላጅ «ጨዋታ ከፍተሽ ነው» ብሎ ይቆጣል። ቀስ በቀስ ደርሱ ይቀራል፤ ለምን እንደቀረም ማንም ልብ አይልም።

ኔትወርክ ሲቆራረጥ ብዙዎቻችን ወዲያው ጥፋተኛ እንፈልጋለን። አንዱ «ላፕቶፑ አርጅቷል» ብሎ አዲስ ለመግዛት ገንዘብ ይበደራል። ሌላው ቴሌን ያማል። ሦስተኛው ጎረቤቱን «ዋይፋዬን እየሰረቀ ነው» ብሎ ይጠረጥራል። ከሦስቱ አንዱ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ግን አንዳቸውም አላጣሩም። በሱረቱል ሑጁራት ወሬ ሲደርሰን እንድናጣራ ታዘናል። ትእዛዙ የሰውን ክብር የሚጠብቅ ቢሆንም ሳያጣሩ አለመፍረድን ማንም ሰው ቤቱ ውስጥ ሊለማመደው ይችላል። በዚህ ጽሑፍ የምናሳየውም ይህንኑ ነው፦ ገንዘብ ከማውጣታችንና ሰው ከመውቀሳችን በፊት መስመሩ የት ላይ እንደሚቆረጥ ማወቅ።

መስመሩ ሊቆረጥ የሚችልባቸው አራት ቦታዎች

የቧንቧ ውሃ ሲጠፋ መጀመሪያ የምንጠይቀው «ጎረቤት ጋ አለ ወይ?» ብለን ነው። ጎረቤት ጋ ካለ ችግሩ እኛ ግቢ ነው፤ ከሌለ ዋናው መስመር ላይ ነው። ኢንተርኔትም እንደዚያው ነው። ከኡስታዙ ድምፅ እስከ እኛ ጆሮ ድረስ አራት ክፍሎች አሉ። አንደኛው ኮምፒውተሩ ራሱ ነው። ሁለተኛው በኮምፒውተሩና በሞደሙ መካከል ያለው የዋይፋይ ሞገድ ነው። ሦስተኛው ሞደሙ ነው። አራተኛው ከቤታችን ወጥቶ ወደ ቴሌኮም ድርጅቱ፣ ከዚያም ወደ ውጭው ዓለም የሚሄደው መስመር ነው።

የምርመራው ሥራ ሁሉ እነዚህን አራቱን አንድ በአንድ እየለዩ መሄድ ነው። በዚህ ላይ አንድ ደንብ እንያዝ፦ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ እንቀይር። ሞደሙን አጥፍተን፣ ድራይቨር ቀይረን፣ ቦታም አዛውረን ችግሩ ቢጠፋ የትኛው እንዳዳነን አናውቅም። ነገ ሲመለስም ከዜሮ እንጀምራለን።

መጀመሪያ ስልኩን እንጠይቅ

ኮምፒውተሩ ላይ ሲቆረጥ ወዲያው በዚያው ዋይፋይ የተያያዘ ስልክ አንሡና አንድ ገጽ ለመክፈት ሞክሩ። ከዚያ በፊት ግን የስልኩን ሞባይል ዳታ አጥፉ። ካልጠፋ ስልኩ ዋይፋዩ ሲደክም ሳይነግረን ወደ ሲም ካርዱ ዳታ ይሻገርና «ዋይፋዩ ይሠራል» የሚል የተሳሳተ መልስ ይሰጠናል።

ስልኩ ያለችግር እየሠራ ኮምፒውተሩ ብቻ ከተቆረጠ ጥፋቱ ኮምፒውተሩ ላይ የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው። ሁለቱም አብረው ከተቆረጡ ኮምፒውተሩን ተዉትና ወደ ሞደሙና ወደ መስመሩ ሂዱ። ሁለቱም ሞደሙ አጠገብ ሲሆኑ ሠርተው ጓዳ ሲገቡ የሚቆረጡ ከሆነ ችግሩ ሞገዱ ላይ ነው።

የሚቻል ከሆነ ደግሞ ኮምፒውተሩን በኔትወርክ ኬብል በቀጥታ ከሞደሙ ጋር አገናኙና አንድ ቀን ተጠቀሙበት። በኬብል ካልተቆረጠና በዋይፋይ ብቻ ከተቆረጠ የውጩን መስመር ከጥርጣሬ አውጥተናል። ኬብሉ ጫፍ ላይ ያለችው የፕላስቲክ መያዣ ተሰብራ ከሆነ ግን ኬብሉ ራሱ እየላላ ስለሚቆረጥ በደህና ኬብል ሞክሩ።

ከዚህ ጎን ለጎን ደብተር ያዙ። ለሦስት ቀን መቼ እንደተቆረጠና በዚያ ሰዓት ቤት ውስጥ ምን ይደረግ እንደነበር ጻፉ። ከመግሪብ በኋላ ቤተሰቡ ሁሉ ስልኩን ሲከፍት ብቻ ከሆነ መስመሩ ተጨናንቋል ማለት ሊሆን ይችላል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ሲሰካ ከሆነ ቮልቴጁ ወርዶ ሞደሙ እየጠፋ የሚነሳ መሆኑን እዩ። ላፕቶፑ ተከድኖ ሲከፈት ከሆነ ኃይል ቆጣቢው ቅንብር ላይ አተኩሩ። ይህች ማስታወሻ በኋላ ለባለሙያም ሆነ ለቴሌኮም ድርጅቱ ስናስረዳ ትልቅ ጥቅም አላት።

ሁለት መስኮት ከፍቶ ማየት

ዊንዶውስ ለሚጠቀሙ አንድ ቀላል ሙከራ አለ። በመፈለጊያው ሳጥን ላይ በእንግሊዝኛ «ሲኤምዲ» ብላችሁ ጻፉና የሚመጣውን ክፈቱ፤ ጥቁር መስኮት ይከፈታል። እዚያ ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል «አይፒኮንፊግ» ብላችሁ ኢንተር ስትጫኑ ከሚዘረዘረው ውስጥ «ዲፎልት ጌትዌይ» የሚለውን ፈልጉ። ከፊቱ ያለው ቁጥር የሞደማችሁ አድራሻ ነው፤ ብዙ ጊዜ 192.168.1.1 ወይም ተቀራራቢው ነው።

አሁን «ፒንግ» ብላችሁ ክፍት ቦታ ተዉ፤ የሞደሙን ቁጥር ጻፉ፤ እንደገና ክፍት ቦታ ትታችሁ ሰረዝና «ቲ» ፊደልን አያይዛችሁ ጻፉና ኢንተር ተጫኑ። ኮምፒውተሩ ሞደሙን ያለማቋረጥ «አለህ?» እያለ ይጠይቃል፤ ሞደሙም ይመልሳል። ሁለተኛ ጥቁር መስኮት ከፍታችሁ ያንኑ በ8.8.8.8 አድራሻ ላይ አድርጉ። ይህ ከአገር ውጭም የሚታወቅ የጉግል አገልግሎት አድራሻ ነው። ሁለቱን መስኮቶች ጎን ለጎን ትታችሁ ደርሳችሁን ቀጥሉ።

መስመሩ ሲቆረጥ መስኮቶቹን ተመልከቱ። ሁለቱም መልስ ካቆሙ መቆረጡ በኮምፒውተሩና በሞደሙ መካከል ወይም ሞደሙ ራሱ ላይ ነው። ሞደሙ እየመለሰ የውጩ ብቻ ካቆመ ኮምፒውተራችሁም ዋይፋያችሁም ደህና ናቸው፤ ችግሩ ከሞደሙ ወዲያ ነው። ሁለቱም እየመለሱ ገጽ ብቻ አልከፍት ካለ ደግሞ የድረ ገጽን ስም ወደ ቁጥር የሚተረጉመው ዲኤንኤስ የሚባለው አገልግሎት ላይ ወይም ኮምፒውተሩ ላይ የተጫነ ሌላ ፕሮግራም ላይ እንጠራጠር። ሙከራውን ለማቆም «ኮንትሮል» እና «ሲ»ን አብሮ መጫን ይበቃል።

ጥፋቱ ኮምፒውተሩ ላይ ከሆነ

በብዛት የሚያጋጥመው ኃይል ቆጣቢነት ነው። ዊንዶውስ ባትሪ ለመቆጠብ ሲል የዋይፋይ ካርዱን ሊያጠፋው ይችላል። «ዲቫይስ ማኔጀር» ውስጥ ገብታችሁ «ኔትወርክ አዳፕተርስ» የሚለውን ዘርጉ፤ የዋይፋይ ካርዱን ሁለት ጊዜ ተጫኑና «ፓወር ማኔጅመንት» የሚለውን ገጽ ክፈቱ። ኃይል ለመቆጠብ ኮምፒውተሩ ይህን ዕቃ እንዲያጠፋ የሚፈቅደውን ምልክት አንሡት። ይህ ገጽ የማይታይባቸው አዳዲስ ላፕቶፖችም አሉ፤ የእናንተ ከእነዚያ ከሆነ ወደሚቀጥለው እለፉ።

ቀጥሎ ኮምፒውተሩ የዋይፋያችሁን ስም «ፎርጌት» ብሎ እንዲረሳው አድርጉና የይለፍ ቃሉን እንደ አዲስ አስገቡ። የይለፍ ቃል ተቀይሮ ወይም ሞደም ተለውጦ አሮጌው መረጃ ኮምፒውተሩ ላይ ከቀረ ይህ ይፈታዋል።

መቆራረጡ የጀመረው ዊንዶውስ ራሱን ካደሰ በኋላ ከሆነ ድራይቨሩን ተጠራጠሩ። ድራይቨር ኮምፒውተሩ የዋይፋይ ካርዱን የሚያናግርበት ፕሮግራም ነው። እዚያው ካርዱን በከፈታችሁበት ቦታ «ድራይቨር» በሚለው ገጽ ላይ «ሮል ባክ» የሚለው ከተፈቀደ ወደ ቀድሞው ይመልሳችኋል። አዲስ ድራይቨር ስትፈልጉ ከላፕቶፑ አምራች ድረ ገጽ ብቻ ውሰዱ። «በነፃ ሁሉንም ድራይቨር እናድሳለን» የሚሉ ፕሮግራሞች ብዙ ጊዜ ማስታወቂያ፣ አንዳንዴም ቫይረስ ይዘው ይገባሉ።

ቪፒኤን የምትጠቀሙ ከሆነ አጥፍታችሁ ሞክሩ። የቪፒኤኑ መስመር ሲቆረጥ ኢንተርኔቱ ራሱ የተቆረጠ ይመስላል። እንዲሁም በዩኤስቢ የሚሰካ ትንሽ የዋይፋይ መቀበያ ካላችሁና አጠገቡ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ከተሰካ ሁለቱን አራርቋቸው። ዩኤስቢ 3 የሚባሉት ዕቃዎች ሲሠሩ 2.4 ጊጋኸርዝ የሚባለውን የዋይፋይ ሞገድ ይረብሻሉ።

በአገራችን የሚያጋጥም አንድ ሌላ ጉዳይ ቀኑ ነው። ኔትወርኩ ተያይዞ እያለ ብዙ ገጾች «ግንኙነቱ ደህንነቱ አልተጠበቀም» የሚል ማስጠንቀቂያ ካመጡ የኮምፒውተሩን ቀን እዩ። ድረ ገጾች የማንነት ማረጋገጫ አላቸው፤ ማረጋገጫው የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን አለው። ኮምፒውተሩ ላይ በእኛ አቆጣጠር 2018 ብለን ብንሞላ ለእርሱ ከብዙ ዓመት በፊት ያለ ጊዜ ስለሆነ ማረጋገጫውን አልቀበልም ይላል። በፈረንጆቹ አቆጣጠር አስተካክሉት። በጠፋ በተነሣ ቁጥር ቀኑ የሚዛባ አሮጌ ዴስክቶፕ ከሆነ ደግሞ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሳንቲም የምትመስል ባትሪ አልቃ ይሆናል፤ ዋጋዋም ትንሽ ነው።

ይህ ሁሉ ካልሠራ የመጨረሻው «ኔትወርክ ሪሴት» ነው። በሴቲንግ ውስጥ የኔትወርክ ክፍል ላይ ይገኛል። የተቀመጡ የዋይፋይ ይለፍ ቃሎችንና የቪፒኤን ቅንብሮችን ስለሚያጠፋ አስቀድማችሁ ጻፏቸው።

ጥፋቱ ሞገዱ ላይ ከሆነ

ዋይፋይ ግድግዳ ያደክመዋል፤ ብረትና ቆርቆሮ ደግሞ ይመልሰዋል። ሞደሙን ከቴሌቪዥን ጀርባ፣ ከማቀዝቀዣ አጠገብ ወይም ብረት ቁም ሳጥን ውስጥ ከማስቀመጥ ከፍ ያለና ገላጣ ቦታ ላይ፣ በተቻለ መጠን ወደ ቤቱ መሐል ማድረግ ይሻላል።

አብዛኞቹ አዳዲስ ሞደሞች ሁለት ዓይነት ሞገድ ይለቃሉ። 2.4 ጊጋኸርዝ ግድግዳ አልፎ ራቅ ይላል፤ ግን ጎረቤቶቻችን ሁሉ ስለሚጠቀሙበት ይጨናነቃል፤ ማይክሮዌቭም ይረብሸዋል። 5 ጊጋኸርዝ ፈጣንና ብዙም ያልተጨናነቀ ነው፤ ግን ብዙ ግድግዳ አያልፍም። ስለዚህ ሞደሙ ባለበት ክፍል የሚቀመጥ 5ን፣ ራቅ ያለ ክፍል የሚቀመጥ 2.4ን ይምረጥ። ኮንዶሚኒየም የሚኖሩና በ2.4 የሚጠቀሙ ሰዎች በሞደሙ ሴቲንግ ውስጥ ቻናሉን ከ1፣ ከ6 እና ከ11 ወደ አንዱ መቀየር ይችላሉ። እነዚህ ሦስቱ እርስ በርስ አይነካኩም።

ጎረቤትን ከመጠርጠራችን በፊትም ማጣሪያ አለ። የሞደሙ ገጽ ላይ የተያያዙት ዕቃዎች ዝርዝር ይታያል። የቤታችሁን ስልኮችና ኮምፒውተሮች ቆጥራችሁ የተረፈ ካለ የይለፍ ቃሉን ቀይሩት፤ ያለጠብ ያልቃል። በተቃራኒው እኛም የሰው ዋይፋይ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ መጠቀም እንደማይገባን እናስታውስ፤ ከፋዩ እርሱ ነውና ሐቁ ነው።

ሞደሙ ወይም የውጩ መስመር ከሆነ

ሞደሙን ዳሰስ አድርጉት። በጣም ከሞቀ አየር የሚያገኝበት ቦታ አድርጉት፤ ልብስና መጽሐፍ አትደርቡበት። የኃይል መሰኪያው ላልቶ እንደሆነም እዩ። መብራት ብልጭ በሚልበት ሰፈር ለሞደም ብቻ የሚሆን አነስተኛ ባትሪ ማድረግ ብዙ መቆራረጥን ያስቀራል። ሞደሙን ስታስነሡ ነቅላችሁ ግማሽ ደቂቃ ያህል ቆዩና ስኩት። «ሪሴት» የምትለውን ትንሽ ቀዳዳ ግን ሳታውቁ አትንኩ፤ የቴሌኮም ድርጅቱ የሞላውን ቅንብር ታጠፋለች።

የፋይበር መስመር ላላቸው መብራቶቹ ይናገራሉ። «ኤል»፣ «ኦ»፣ «ኤስ» የሚሉ ሦስት የእንግሊዝኛ ፊደላት ያሉት መብራት ቀይ ሆኖ ከበራ ወይም ብልጭ ድርግም ካለ በፋይበሩ የሚመጣው ብርሃን ጠፍቷል ማለት ነው። ቀጭኑ ገመድ ተጣጥፎ ወይም ዕቃ ተጭኖት እንደሆነ እዩ፤ ፋይበር ውስጡ መስተዋት ስለሆነ ሲታጠፍ ብርሃኑ ይጠፋል። ገመዱን ነቅላችሁ ጫፉን በጣት አትንኩ፤ ወደ ውስጡም አትመልከቱ። በስልክ ሽቦ ለሚጠቀሙ ደግሞ የሽቦው መገጣጠሚያ መላላቱንና ዝገቱን ማየት ነው።

ከዚህ በኋላ ለድርጅቱ ደውሉ፤ የኢትዮ ቴሌኮም ደንበኞች 994 ላይ ያገኛሉ። «ኢንተርኔት አይሠራም» ብቻ አትበሉ። «በኬብልም ሞክሬያለሁ፤ ሞደሙ መልስ ይሰጣል፤ ወደ ውጭ ያለው ግን በዚህና በዚህ ሰዓት ይቆማል» በሉ። እንዲህ ብሎ የደወለ ሰው «ኮምፒውተርህን አጥፍተህ አስነሣ» ተብሎ አይመለስም። የአቤቱታ ቁጥሩንም መዝግቡ።

በስልክ ሆትስፖት ለምትጠቀሙ

ብዙዎቻችን ሞደም የለንም፤ ላፕቶፑን ከስልክ ጋር አገናኝተን ነው የምንማረው። መጀመሪያ ፓኬጁ አለማለቁን እዩ። ቀጥሎ በስልኩ የሆትስፖት ሴቲንግ ውስጥ ተጠቃሚ ሲጠፋ በራሱ እንዲዘጋ የሚያደርገውን አጥፉ። የባትሪ ቆጣቢውንም እንዲሁ። በአንዳንድ ስልኮችና ቦታዎች ጥሪ ሲገባ ዳታው ይቆማል፤ በደርስ ሰዓት የሚደወልላችሁ ከሆነ ሌላ ሲም መጠቀሙ ይሻላል። ላፕቶፑ ላይ ደግሞ ይህን ግንኙነት «ሚተርድ» ብላችሁ ምልክት አድርጉበት፤ አለበለዚያ ዊንዶውስ ራሱን እያደሰ ፓኬጃችሁን ይጨርሰዋል። ስልኩን በዩኤስቢ ገመድ አገናኝቶ ማጋራትም ይቻላል፤ ዋይፋዩን ከመሐል ስለሚያወጣ ብዙ ጊዜ የተሻለ ይጸናል።

ከእጃችን ውጭ የሆነ ጊዜ

አንዳንዴ ቤታችን ውስጥ ያለው ሁሉ ደህና ሆኖ መስመሩ ሌላ ቦታ ይዘጋል። በየካቲት 2015 በአገራችን ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ሲታገዱ ሌሎች ገጾች ይሠሩ ነበር። በኤምሬቶች ያሉ እህት ወንድሞቻችንም የዋትስአፕ ጥሪ ለዓመታት እንደተዘጋባቸው ያውቃሉ። አንድ መተግበሪያ ብቻ እምቢ ብሎ ሌላው ከሠራ ኮምፒውተሩን አትፍቱት፤ በአገሩ የሚፈቀድ ሌላ መገናኛ ከኡስታዙ ጋር ተነጋገሩ። አገራችን የባሕር በር ስለሌላት የውጭ ኢንተርኔቷ በጎረቤት አገሮች በኩል ነው የሚያልፍ፤ በዚያ መንገድ ላይ ጉዳት ሲደርስ ሁላችንንም ይነካናል። ሰፈሩ ሁሉ ሲያማርር ሰብር ማድረግ እንጂ ሞደም መቀየር አይፈታውም።

ለባለሙያ ከመስጠታችን በፊት

ምርመራው ካርዱ ራሱ መበላሸቱን ካሳየ ላፕቶፑን መጣል አያስፈልግም። በዩኤስቢ የሚሰካ የዋይፋይ መቀበያ መግዛት ከአዲስ ላፕቶፕ ጋር አይወዳደርም። ለጥገና የምትሰጡት ከሆነ ግን የቤተሰብ ፎቶዎችን፣ በተለይ እህቶች ያለ ሒጃብ የተነሷቸውን፣ ወደ ፍላሽ ገልብጣችሁ ከኮምፒውተሩ አጥፉ፤ ሪሳይክል ቢኑንም ባዶ አድርጉ። ይህ ባለሙያውን መጠርጠር አይደለም። አማናን መጠበቅ ከባለቤቱ ስለሚጀምር ነው። የምትሰጡትም የዋይፋይ ችግር መሆኑን ነግራችሁ፣ ደብተራችሁን አሳይታችሁ ይሁን፤ ያልተበላሸ ነገር እንዳይቀየር ይረዳል።

እስኪስተካከል ድረስ ደርሱ አይቁም

ከኡስታዙ ጋር አስቀድማችሁ ተስማሙ። መስመር ሲቆረጥ የት አያህ ላይ እንደቆማችሁ ሁለታችሁም ምልክት አድርጉ። ካሜራ መዝጋት መስመሩን በእጅጉ ያቀለዋል፤ ለተጅዊድ ደግሞ ዋናው ድምፅ ነው። አምስት ደቂቃ ጠብቆ ካልተመለሰ ተማሪው የቀረውን ቀርቶ በድምፅ ቀድቶ ይላክ፤ ኡስታዙም እርማቱን በድምፅ ይመልስ። ወላጆችም ልጁ ከደርስ ሲጠፋ ከመቆጣታችሁ በፊት እነዚያን ሁለት ጥቁር መስኮቶች አንዴ ተመልከቷቸው። እውነት ተናግሮ ያልታመነ ልጅ የሚያዝነው በኔትወርኩ አይደለም።

ሰበቡን ማድረስ የእኛ ነው፤ ማሳካቱ የአላህ ነው። አላህ ጠቃሚ ዕውቀትን ያግራልን፣ በየቤቱ ለሚማሩና ለሚያስተምሩ ሁሉ በጊዜያቸው ላይ በረካ ያድርግላቸው። አሚን።